ጳጉሜ ስድስት

የተከራየሁት ክፍል፣ ሐዋሳ፣ ታቦር ሥር፣
ግድግዳ ይጋራል ከእድሩ ዕቃ ቤት ጋር፤
ሌሊት አይጥ ሲሯሯጥ በድስቶቹ መሐል
የኪቦርዴ ድምፅ መልስ የሚሰጥ ይመስላል።

ሆስፒታላችን አለው አሥራ አንድ ፕሮግራም፤
ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱም
ሁሉም በየጀርባው ላይብረሪ ተሸክሟል፣
አንዱ የያዘውን ሌላውም ቀድቶ ይዟል።
ፋይል መጭመቂያው አሥራ አንድ፣ ቀን መቁጠሪያው አሥራ አንድ፤
ሰርቨሩ ያቃስታል፣ እንደ አሮጌ አይሱዙ በሻሸመኔ መንገድ።

ሚያዝያ ላይ ተሰማ፦ መጭመቂያው ቀዳዳ አለው፤
የሲስተሙን ደፈንኩ፣ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።
ተኛሁ። ጠዋት ሳየው፣ አሥራ አንዱም በጓዳቸው
አሮጌው ቀዳዳ አለ፣ እንደታቀፉት፣ አብሯቸው።

አቶ ሀመሶ ደጅ ላይ የእድሩን ድንኳን ዘርግተው፣
ትናንት ከሐይቁ የመጣ ዝናብ ያራሰውን፣
ስፌት ይፈትሻሉ፣ ቁልፉን አንገታቸው አስረው።
«ለመቶ ሠላሳ ቤት ስንት ድንኳን ነው ያለው?»
«አንድ። ሰው እንደሆን፣ በተራ ነው የሚሞተው።»
ክሩን በጥርስ በጥሰው፣ መለስ አሉ ደግሞ፦
«በየቤቱ ቢኖር፣ ተጠቅልሎ ከርሞ፣
ብል እንደበላው ማን ያውቃል? ዝናብ ነው የሚነግርሽ፣ ለቅሶ መሐል።
ይሄ ግን ሲቀደድ አገር ያየዋል፤
አንዴ ሲሰፋም ለሁሉም ይሰፋል።»
«ከተቃጠለስ ግን?» «ያን ጊዜማ፣» አሉ ስቀው፣
«መቶ ሠላሳውንም ቤት እኩል ዝናብ መታው!»

ገብቼ የማዋቀሪያ ፋይሉን ከፈትኩ፤
«ከጓዳህ» ያለውን «ከሲስተሙ» አልኩ።
ግንባታው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። «አልተገኘም።»
የጎደለውን ጫንኩ። ደግሞ ቆመ። «ቨርዥኑ አይገጥምም።»
ድስቱ የእድር ሆኖ፣ ክዳኑ የቤት፤
በዚያ ላይ መብራት ጠፋ፣ ዓርብ ማታ፣ ልክ ሁለት ሰዓት።
ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ፤ አባ ኮዳዎች ሁሉ
አንድ ዓሣ አጥማጅ የሚጥለውን ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤
(አጥማጁ የቀረ ለት ጦማቸውን ያድራሉ።)

ማክሰኞ አሥሩ ገጠሙ፤ ዲስኩ እፎይ አለ።
ቀን መቁጠሪያው ብቻ፣ የመጨረሻው፣ ቀረ እንዳለ።
እሱም እሺ አለ፤ ቀይ መስመር አልታየ፤
ልዘጋ ስል ዐይኔ የወሊድ መዝገቡን አየ፦
ሰባት ሕፃን፣ ስማቸው አለ፣ ክብደታቸው ተጽፏል፤
የተወለዱበት ቀን ግን፣ የሰባቱም፣ ጠፍቷል።

የሲስተሙ ላይብረሪ ጳጉሜን የሚያውቃት እስከ አምስት፤
በዘመነ ሉቃስ ግን ትመጣለች ስድስት።
አራት መስመር አገኘሁ ከጣልኩት ኮድ መሐል፣
ከላያቸው ማስታወሻ፣ በአማርኛ፣ እንዲህ የሚል፦
«ስድስተኛዋን እንዳትረሷት። ትርሲት።»
አላውቃትም፤ ከእኔ በፊት ይህን ወንበር የያዘች ሴት፤
አግብታ ዲላ ገባች ይላሉ፣ ባንክ ናት ይላሉ፤
ስፌቷን ያየላት አንድ የለም ከሁሉ።

አራቱን መስመር፣ በስሟ፣ ላክሁላቸው
ላይብረሪውን ለሚጠብቁት፣ ሩቅ ላለው አገራቸው፤
መልስ አልመጣም እስካሁን። ፋይሉ ላይ፣ ከአሥሩ በታች፣
«ቀን መቁጠሪያ፦ ከጓዳ፤ ለጊዜው» የምትል መስመር አለች።

ዛሬ ሌሊት አሥር ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ቁልፍ ዞረ፤
ድስት ተነሣ፣ የድንኳን ብረት መሬት ጫረ።
የማን ተራ እንደሆነ ሳልጠይቅ ወጣሁ፤
የብረቱን አንድ ጫፍ ከኋላ ያዝሁ።