የቀረ

ጣና ዳር፣ ከጀልባ ማረፊያው በላይ ነው የዓሣ ማኅበሩ ቢሮ፤
ሚዛን፣ ሁለት ወንበር፣ አቧራ ጠጥቶ የሚያቃስት ሰርቨር በካርቶን ታጥሮ።
«አዲሱ መጥቷልና አሮጌውን ንቀይው» አለኝ ሊቀመንበሩ ሞላልኝ፤
አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ማሽኑ ፈጭቶ ፈጭቶ መለሰልኝ፦
«ተነቅሏል። ማህደሩ ግን ባዶ አይደለም፤
ስለዚህ አልሰረዝኩትም።»

ገባሁ ለማየት።
አንድ የቁልፍ ፋይል «እየሠራሁ ነው» ይላል፣
የሚጠብቀው ሂደት ከሞተ ስንት ክረምት አልፎታል።
አንድ መዝገብ፣ የመጨረሻ መስመሩ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ፦
አምባዛ፣ አራት ኪሎ፣ ማዳበሪያው እርጥብ።
ባለቤት በሚለው ዓምድ ስም የለም፤ አንድ ሺህ ሰባት ነው፤
ስሙን አምና የሰረዝኩት እኔ፣ ቁጥሩን የረሳሁት እኔው።

ሐሙስ ዕለት ለምሳ ወጣ፣ ጃንጥላውን ምስማር ላይ ሰቅሎ፤
ቀረ።
አንዱ መተማ አየሁት ይላል፣ ሌላው ቆላ ድባ፤
ደሞዙ እንኳ እሱን ሳይጠይቅ ሦስት ወር ባንክ ገባ።

ከነሥሩ የሚነቅል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ አውቀዋለሁ።
ቅዳሜ ቅዳሜ እንቦጭ ስንነቅል፣ እስከ ወገቤ ጭቃ ገብቼ፣
ክምሩ ዳር ላይ ሲደርቅ አይቻለሁ፤
ዘሩ ግን ከታች እንደሚተኛ ከአጥማጁ ከአዳሙ ሰምቼ
በነቀልኩት ሁሉ እምነት አጥቻለሁ።

ጣቴ ኢንተር ላይ ነበር።
ግን ማሽን ራሱ ያመጣውን ያጠፋል፣ ሰው የነካካውን ይፈራል፤
በእጅ የታረመ አንድ ፋይል ትቷል። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

«ሽርፍራፊው ግራም ወደ አጥማጁ ይጠጋ።
ሌሊቱን ማን መዘነለት፣ መረብ ሲስብ እስኪነጋ?
አትንኩት። እንየው።»

ስሙ ነው። ግን ፊርማ ይሁን ልመና፣ ማን ይለየው?

አየሁት።
አዲሱን ፕሮግራም ከፈትኩ፤ ሽርፍራፊ ሁሉ ወደ ታች ይጥላል፤
የአዳሙ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ዛሬ ጠዋት ሁለት ተብሏል።
መስመሩን ገለበጥኩ ወደ አዲሱ፣ ፊርማውን ሳልነካ፣ ሳላርቅ፤
ቁልፉን አጠፋሁ፤ ይብቃው፣ የሞተ ሥራ መጠበቅ።

ሞላልኝ በሩ ላይ ቆሞ «ጨረስሽ? የቀረ አለ?» አለ።
ከሐይቁ ነፋስ ገባ፤ ምስማሩ ላይ ጃንጥላው ትንሽ ተወዛወዘ።
«አለ» አልኩት። «የቀረ አለ።»