የልኳ ደብተር

እዚህ ገጽ ላይ አለች፤ እርሳሱ ደብዝዟል፤
ቁመቷ ላይ የስፌት መኪናዬ ዘይት ፈሶ ደርቋል።
ትከሻ ሠላሳ ስድስት፣ ወገብ ሃምሳ ስምንት፤
ቀብድ ሦስት ብር፤ ለቀሪው «በኋላ» የሚል ምልክት።

«ስም?» አልኳት። «ትርንጎ» አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፤
የሠራተኛ ሰፈር የቀጥቃጭ ልጅ፣ የመጣች ቀሚስ ፍለጋ፣
ለፈተና የምትለብሰው። ቴአትር ቤቱ ዘፋኝ ሊቀጥር
ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር፣ ፒያሳ፣ ከሲኒማው ግንብ ሥር።

ሜትሬ ደረቷ ላይ ሳለ ትንፋሿን ሳበችና ያዘች፤
እስክሰለች ድረስ ጠበቅኋት፤ ትንፋሿን አልለቀቀች።
«እህቴ፣ ተንፍሺ እንጂ፣ ልክሽን ልጻፍበት!»
«ወናፍ ነፍቼ ነው ያደግሁት፤ ትንፋሼ ልክ የለበት።»

ስድስት ወር ከኋላ ቆመች፣ ከተቀባዮቹ ተርታ።
አንድ እሑድ የዋናዋ ዘፋኝ ጉሮሮ ተዘጋ ማታ፤
ገፏት ወደ ፊት።
እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ስፌቴን ልጠብቅ ብዬ፤
ሰው ድምጿን ሰማ፤ እኔ የሰማሁት
ብብቷ ሥር ክር ሲበጠስ ነው።

ከዚያ ተዋናይ አደረጓት፤ የእንጀራ እናት ሆና ሠራች።
በሳምንቱ አትክልት ተራ ዘንቢል ይዛ ብትወርድ፣
ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኑን ገልብጣ «ላንቺስ አልሸጥም!» አለች፣
«ያን የሙት ልጅ ጦሙን ያሳደርሽ!»
እየሳቀች መጣች ሱቄ፣ ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ።
ሳቋ አለቀና ደፉ ላይ ቁጭ አለች።
«እኔ እኮ አልወለድኩም» አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ወገብ ስልሳ አራት ይላል የዚያን ቀኑ ገጽ።

ይህኛው ገጽ ካኪ ነው። ለኪነቱ ቡድን ሃያ ሁለት ኮት።
ሰዓት እላፊ ሲደርስባቸው መድረኩ ላይ ነበር የሚያድሩት፣
መጋረጃውን ተከናንበው።
አንድ ማለዳ በሬን መታች። ታናሽ ወንድሟ መንበሩ
ከሄደበት አልተመለሰም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር በሰፈሩ።
ማታ ደግሞ ዘፈን አለባት፣ የደስታ፣ ለበዓሉ።
የመታወቂያ ፎቶውን አወጣች፤ የፊት ጥርሱ ሸራፋ ነው።
«ገበሩ ውስጥ ስፋልኝ» አለች፤ «በግራ፣ ከልቤ በታች።»

ሰፋሁት። በጥቁር ክር፣ በደቃቅ ስፌት።
ማታ ጨፈረች፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት።
ጋዜጣው «ድምጿ ጎርፍ ነው» አለ።
ስለ ገበር ማን ይጽፋል?

ቀጥሎ የካሴቱ ዘመን ነው። ከየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ
እሷው ትጮኻለች ጠዋት ማታ፤ እኔ መቀሴ እስኪሰንፍ።
ሁለት የሠርግ ቀሚስ ሰፋሁላት፤
የአንዱን አልከፈለችኝም፤ ባልየውም አልበረከተላት።

ከዚያ ገጹ ይሳሳል። ቴሌቪዥን ላይ አሮጊት ሆና ትሠራለች፣
አሮጊት ሳትሆን በፊት። ስትሆን ደግሞ የሚጠራት ጠፋ።
ትከሻ ሠላሳ አራት። ደገምኩና ለካሁ።
«ሜትርህ ነው የሰፋው!» አለችኝ፤ ተቆጥታ ነበር፣ ከልቧ።

ስትሞት ሬዲዮው ዕድሜዋን በሦስት ዓመት አበለጠው፤
ብትሰማ ኖሮ ሬዲዮኑን ነበር የምትፈጠፍጠው።

ሱቄም የለም። ግሬደሩ ሲመጣ መኪናዬን ለልጆች ሰጠሁ፣
ይህን ደብተር ብቻ በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ትናንት ቴአትር ቤቱ ሄድኩ። ያ ቀሚሷ መስታወት ውስጥ ቆሟል፤
«የክብር ልብሷ» ይላል ጽሑፉ፣ ዓመቱን ግን ስቷል።
ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተውት ፎቶ ይነሣሉ።
«አትንኩ» ይላል ካርቶኑ።
አልነካሁም።
መስታወቱ ላይ ብቻ፣ በግራ በኩል፣ ጣቴን አኖርኩ።
«አባት፣ ፈቀቅ ይበሉ» አለኝ ጥበቃው።
ፈቀቅ አልኩ።