የውስጥ መስመር

ከደሴ ፒያሳ በግማሽ ዋጋ የገዛሁትን ኮምፒውተር
በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ ታቅፌ፣ የሐረጎን ጥምዝ ስቆጥር፣
ጭጋጉ ከላይ ቀረና የኮምቦልቻ ሙቀት ተቀበለኝ፤
እናቴ በር ላይ ቆማ «ደግሞ ምን ተሸክመሽ መጣሽ?» አለችኝ።

ኢንተርኔት የለም ያን ሰሞን። ሞደሙ ቀይ ብቻ ያበራል።
የጎረቤት ልጅ በፍላሽ የሰጠኝ ግን ያለ እሱም ይሠራል፤
ሰርቨር ነው።
«ሰርቨር ደግሞ ምንድነው?»
«አስተናጋጅ በይው፣ እማ፤
አቤት ባይ ነው፣ ሲጠሩት የሚሰማ።»
«ጠሪው ማን ነው?»
«እኔ ነኛ፣ ከዚሁ።»
«አቤት ባዩስ የት ነው?»
«እሱም እዚሁ።»
«ጠሪም ተጠሪም አንድ? ይኼማ የጅል ጨዋታ ነው» ብላ
ወደ ጓዳ ገባች፣ ምስር ልትለቅም፣ ሰፌዷን አንጠልጥላ።

አድራሻውን ጻፍኩ፦ መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፤
ወደ ራስ ብቻ የሚወስድ፣ ከደጅ የማይወጣ መንገድ።
ነጭ ገጽ። ከዚያ ቁጣ፦ «ፖርት ሰማንያ ተይዟል»።
ሌላ ፕሮግራም ቀድሞኝ በሩ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል።
ጮክ ብዬ አነበብኩት መሰለኝ፤ ከጓዳ ድምጿ መጣ፦
«በሰማንያ ከታሰሩ ወዲያ፣ ልጄ፣ ማን በዋዛ ይወጣ!»
እኔ ሣቅኩ። እሷ ግን አልሣቀችም፤ ሰፌዷን ይዛ መጥታ
ቁጥሩን ጎንበስ ብላ አየችው፣ መነጽሯን ከክሩ ፈትታ።
«መስመር ሲያዝ አይጮኽም» አለች፤ «የያዘውን ሰው ጠይቂ።
ካልለቀቀ ሌላ ቁጥር ስጪ እንጂ፣ አትጨነቂ።»

ሃያ ስድስት ዓመት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስልክ ቤት፣
ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ ፊቷ ላይ ቀዳዳ ብቻ የሆነ ሰሌዳ፣
«ማን ልበል?» እያለች
ሽመናን ከሒሳብ ክፍል፣ ክሊኒክን ከጥበቃ ስታገናኝ ኖረች።
ሕጓ አንድ ነበር፦ አገናኝተሽ ውጪ፤
የሰው ወሬ አይደመጥም፤ ገመዱን ሰክተሽ ጆሮሽን አውጪ።

ሰማንያን ትቼ ስምንት ሺህ ሰማንያ አልኩት።
«ይሠራል» አለ ስክሪኑ፣ አንዲት ቃል፣ በትልቁ፤
እናቴ ስታጨበጭብ ምስሮቿ መሬት ወደቁ።

«ታዲያ ምን ይሠራልሻል?»
እውነት ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር።
«የፋብሪካውን ቁጥሮች ንገሪኝ» አልኳት።
ዓይኗን ጨፈነች። ወረቀት አላስፈለጋትም።
«ሽመና፣ ዐሥራ አራት፦ ብርቄ፤ ስታወራ ትጮኻለች፣ መኪኖቹ ናቸው ያደነቆሯት።
ክሊኒክ፣ ሠላሳ አንድ፦ ድሬሰር ጌታሁን፤ አርፏል።
ጥሬ ዕቃ፣ ዐሥራ ሰባት፦ ቢጠራ ቢጠራ የሚያነሣው የለም።
ጋራዥ፣ ዘጠኝ፦ ደምሰው። ያው አባትሽ።»
ምስሩን ከወለሉ ትለቅም ጀመር፣ አንድ በአንድ።
«ማቅለሚያ፣ ሃያ ሁለት፦ እንድሪስ።»
ስለ እንድሪስ አልጨመረችም።
እኔም ስሙን ጽፌ ነጥብ አደረግኩ።

እስኪመሽ ሠላሳ ስምንት ስም። ለእያንዳንዱ ገጽ ሠራሁለት፤
ማውሱን አስያዝኳት፣ ቁጥር ስትነካ ስም እንዲከፈት።
ከዚህ ግድግዳ አይወጣም። ከቦርከና ማዶ ማንም አያየው፤
ዓለም አልጠራንም፣ ዓለምም አቤት አላለው።
ሳላጠፋው ተኛሁ።

ጠዋት መዝገቡን ከፈትኩ። ሰርቨር ይመዘግባል፣
ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንደፈለገ፤ ሳይጠየቅ ይጽፋል።
ከሌሊቱ ስምንት ከሩብ፦ ሃያ ሁለት።
ስምንት ከሃያ፦ ሃያ ሁለት።
ስምንት ተኩል፦ ሃያ ሁለት።
የጠሪው አድራሻ፦ መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
የኔው አድራሻ። የሷም።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች።
«ያ ነገርሽ አሁንም ይሠራል?» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።
«ይሠራል» አልኳት።
መዝገቡን ዘጋሁት፤
አገናኝቼ ወጣሁ።