ብርሃን መቀነሻ

ከጎማ መጋዘን ጀርባ፣ ሻርጃ፣ ቁጥር አሥር ሰፈር፣
ስምንት ነን በአንድ ክፍል፣ ተደራርበን የምናድር።
ቢሽኑ ከላዬ ይተኛል፣ ለሌሊቱ አሥር የሚነሳ፣
ክር የምታህል ብርሃን፣ እንቅልፉን የምትነሳ።

ከኩኒ ሱቅ ክምር መዝዤ፣ በመቶ ሃያ ድርሃም
የገዛሁት ላፕቶፕ ደግሞ፣ መብራት መቀነስ አያውቅም።
ቁልፉማ አለ፤ ትንሽ ፀሐይ፣ ከጎኗ ቀስት ያዘቀዘቀ፤
ብጫናት፣ ደግሜ ብጫናት፣ ስክሪኑ እንደ ቀትር ደመቀ።
የዚሁ አገር ፀሐይ ናት መሰለኝ፤ ዝቅ በይ ብትባል አትሰማም።

«ዊንዶውስ ጫንበት» አለኝ ኩኒ፣ «ፈቃዱን ግዛ፣ ይታዘዛል»፤
መስኮት ለሌለው ክፍል፣ መስኮት በስንት ይገዛል?

ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በሐምሌ፣ ላቤ እየፈሰሰ፣
ከስክሪኑ ጋር ድንኳን ገባሁ።
ቢሽኑ ተገላበጠ፤ አልጋው ሲጥጥ አለ፤ እሱ ቃል አልተነፈሰ።

ቀን ቀን ዘለበቴ ላይ፣ አርባ አንድ ቁልፍ ያቃጭላል፣
በፕላስተር የተጻፈ ስም፣ ከያንዳንዱ ይንጠለጠላል፤
«የኋላ በር»፣ «የዘይት ክፍል»፣ «የሙዲሩ ቢሮ» ይላል።
ማታ ነው እንግዲህ ሌላ ቁልፍ፣ ስም ያልወጣለት የሚገጥመኝ።

የከርነሉን መዝገብ ከፈትኩ፤ ፀሐይቱን በተጫንኩ ቁጥር
አንዲት መስመር ትመጣለች፣ ሳትቆጣ፣ ሳታፍር፦
«ያልታወቀ ቁልፍ ተነክቷል። ኮዱም ይኸው።» ከዚያ ዝም።
ጣቴ ተሰምቷል ማለት ነው። ተሰማ፤ ግን አይታወቅም።

ታላቄ ዘርፌ ትዝ አለችኝ፣ አጅማን ሰው ቤት ያለችው፣
ስሟ ለእመቤቲቱ ከብዷት፣ «ሱዓድ» ተብላ የቀረችው።
አርብ ለት ደወልኩና፣ «ስም እያወጣሁ ነው» ብላት፣
«ለማን? ወለድክ እንዴ?» ብላ፣ ሳቅ መናገሪያ አሳጣት።
ለቁልፍ ነው አልኳት። ዝም አለች። «እንግዲያ የራሱን ስጠው፤
ለአፌ ይመቸኝ አትበል፤ የሚሠራውን ጠይቀው።»

ሠንጠረዡ አጭር ነው፦ ግራው ኮዱ፣ ቀኙ ተግባሩ፤
ድራይቨሩ ውስጥ ስንቱ ማሽን፣ በየሞዴሉ ተደርድሯል በየተራው።
የኔዋ የለችም። ማን ያስባት፣ አሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል፤
ኢቃማው እንደተቃጠለ ሰው፣ ሰርዘዋታል፣
ወይ መጀመሪያውኑ ረስተዋታል።

ጨመርኳት። አምስት መስመር ናት፤ ሦስት ሌሊት የፈጀችብኝ፣
አንዴ ኮማ ረስቼ፣ ኪቦርዱ ጭራሽ የሞተብኝ፤
አንዴ ፀሐይቱን ብጫናት፣ የድምፅ ቁልፍ ሆና ጮኸች፣
ክፍሉ በሙሉ ነቅቶ፣
የአልጣህር ትራስ በርራ ግንባሬ ላይ አረፈች።

በአራተኛው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አስነሳሁና ተጫንኩ።

ዝቅ አለች።
አንድ ደረጃ። ደገምኩ። ዝቅ።
የፋኖስ ክር ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ እንደሚሆነው፤
ፊደሎቹ አመድ መስለው፣ ለሁለት ዓይን ብቻ በቁ።
ከላይ ቢሽኑ ያንኮራፋል።
ማንም አላጨበጨበ። የዚህ ሥራ ልኩ ይኸው ነው፦
ሰባት ሰው ሳይነቃ ያደረበት ሌሊት ነው።

አንድ ቁልፍ ግን ቀርቷል፤ ከጥግ፣ ሥዕሉ ግማሹ የማይታይ፣
ጃንጥላ ይሁን እንጉዳይ፣ ኩኒም ያልለየው አገላብጦ ሲያይ።
ብጫነው ኮድ ይልካል፤ መልስ የሚሰጥ ግን የለው።
ስም አላወጣሁለትም። ገና አልገባኝም የሚለው።

መጋዘኑም እንዲህ አንድ አለው፣ ከአርባ አንዱ፣ በሩ ያልተገኘለት፤
ሙዲሩ «ጣለው» ይለኛል።
እኔ ባዶ ፕላስተር ለጥፌበት
ከሌሎቹ ጋር ያቃጭላል።