የምትዳሰስ ሰረዝ

ፖርቶ ላይ፣ ዳገቱ የሚያበቃበት ላይ፣
ቢሯችን አለች ወንዙን ቁልቁል የምታይ።
ለወይን ጫኝ መርከብ ኮድ እንጽፋለን፣
የትኛው በርሜል የት እንዳለ እናውቃለን፤
የት እንዳለን ግን እንረሳለን።

ከኛ መሀል ሊዮኔል ሰከንድ ይመነዝራል፤
«ማውስ የነካ እጅ ሁለቱን ያከስራል፤
በቀን መቶ ጊዜ፣ በዓመት፣ ማን ይቆጥራል?»
ራሱ ይቆጥራል።
ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፏል፣
ቁልፍን ከቁልፍ ጋራ እንደ ሽማግሌ አስማምቷል፦
ኮንትሮልን ለሲ ሰጥቶ፣ አልትን ለታብ ድሯል።
በቋንቋችን ማውስ ስሙ አይጥ ነውና፣
በጭራው አንጠልጥሎ መሳቢያ ከተተውና፣
«ድመት ደርሶላችኋል» አለን ደረቱን ነፋና።

«የቆጠብከው ሰከንድ የት ገባ?» ስል ቀርቤ፣
ጠየቅሁት አንድ ማታ ካፖርቴን ደርቤ።
አሰበ። ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ቆመዋል።
«ሌላ ሥራ በላው» አለኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

ዙልሚራ ከጥግ ነች፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ከተወለደች ወዲህ ብርሃን የማታነብ።
የላፕቶፗ ስክሪን እንደጠፋ ይውላል፤
ጆሮዋ ውስጥ ብቻ አንድ ድምፅ ይጣደፋል፤
ለእኛ ሲሰማን ንብ የገባበት ጣሳ፣
ለሷ ግን መስመር ነው፣ ቅንፍ እንኳ ሳይረሳ።
ማውስ ነክታ አታውቅም። ቀስቱን ሳታየው
ወዴት ልትገፋው?
ሊዮኔል እየኮራ «አቋራጭ» የሚላት፣
ለሷ ዋና ጎዳና ነች፤ ሌላ መንገድ የላት።

ኅዳር ላይ ዝናቡ ከባሕር ገሥግሦ
መብራታችንን ወሰደ ጣራችንን ዳስሶ።
ስክሪኖች በሙሉ ባንዴ ተጨፈኑ፣
ወንበሮች ተንጫጩ፣ ስድቦች ተበተኑ።
ሊዮኔል ራሱን ይዞ ቆመ፣ ዝም አለ፤
ወረቀቱ ላይ፣ ከላይ፣ በቀይ የተሳለ፣
ኮንትሮል ከኤስ ጋራ። እሷኑ ዘነጋት፤
ከጧት የጻፈው ኮድ ሆነ የጨለማ ራት።

ያኔ ከወደ ጥጉ
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።
የዙልሚራ ጣት ነው፤ ባትሪዋ ይሠራል።
ኮንትሮል ኤፍ ብላ ስትፈልግ ቆይታ፣
የጎደለች አንዲት ነጠላ ሰረዝ አግኝታ፣
ከቦታዋ ሰክታ፣ ሰነዱን ወደ ወደብ ልካ፣
ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አውርዳ፣ ጸጥታውን ለካ፦
«ምነው ዝም አላችሁ?»
«መብራት ጠፍቶ ነዋ።»
«አሃ። እንግዲያው
እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ሳቁ ዘግይቶ መጣ። ሻማም አልነበረን፤
ወንበራችንን ስበን አጠገቧ ሰፈርን።
«ተሰማችህ?» አለችው፣ ጣቱን ኤፍ ላይ አኑራ፤
«ሌላዋ ጄ ላይ ናት፣ ይቺን የምታህል ተራራ።»
ቁልፉ ወገብ ላይ ያለች፣ ጎላ ያለች ሰረዝ፣
ከእንጀራ ፍርፋሪ የማትበልጥ፣ የማትከብድ፣ የማትወዝዝ።
ዐሥር ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀጠቅጥ
አንድ ቀን አልቆመም ያቺን ሰረዝ ሊያደምጥ።
«ለኔ መስሏችኋል» አለች ሳቅ እያላት፣
«ለናንተ ነው እኮ ፋብሪካው የሠራት፤
ጣታችሁ በሷ እንዲያርፍ፣ ዓይናችሁ ቀና ብሎ
ሰው ፊት ላይ እንዲውል፣ ወይ መስኮት ላይ ውሎ።»

መብራቱ ሲመለስ ሁላችን ጨፈንን።
እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ሥራ ገባን።

እኔ ዛሬም ቢሆን ማውስ አልተውኩም፣ አልዋሽም፤
ሁለት ሰከንድ ብትሄድ ተከትዬ አልሮጥም።
ግን አንዳንድ ሌሊት፣ ቤት ውስጥ ሁሉ ተኝቶ፣
ስክሪኔን አጠፋና፣ ጣቴ በዳበሳ ወጥቶ፣
ዜድን አልፎ፣ ዲን አልፎ፣ ያቺን ሰረዝ ሲያገኛት፣
ደረጃው ጨልሞብኝ
የራሴን በር እጀታ ያገኘሁ ያህል ናት።