ቀይዋ መብራት

ዳንዲ ላይ፣ ማክሰኞ፣ ከመሸታ ቤቱ ፎቅ፣
ወንበሩ አርባ ነው፤ ሰዉን ግን አትጠይቅ፦
አሥራ አራት። ከነዚያም ሁለቱ
ዝናብ ያስገባቸው፤ አንደኛው ደግሞ
ሽንት ቤት ፍለጋ ወጥቶ፣ አፍሮ ነው መቅረቱ።

ፈርገስ መድረክ መሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ቀጣይዋ ሴት ናት» አለ፤ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ግን አይዟችሁ።»
እንዲህ ነው የምጠራው፤
ሲጋራ ፓኮ ላይ እንደሚለጠፈው፣
ማስጠንቀቂያዬ ነው ቀድሞኝ የሚወጣው።

ማይኩ የቆመው ለፈርገስ ቁመት ነው።
ብሎኑ ዝጓል። ታግዬ እስካወርደው
ከአምስት ደቂቃዬ አሥር ሴኮንድ ሄደ።
በየሳምንቱ እንዲሁ፣
አንድ ወንድ የሚያህል ርዝመት ፈትቼ ነው የምጀምረው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤
እዚህ ግን ሥራው ተከፋፍሏል፦
ብቅሉ የነሱ ነው፣
ሆዱ የኔ።

«ኢሽቤል እባላለሁ» ብዬ ሳልጨርስ ገና፣
የቢራ አረፋ ጢሙ ላይ የቀረ አንድ ጎልማሳ ከፊት ተነሣና
«አውልቂው!» አለኝ።
«ወንድሜ፣ ቀን የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው፤
የዘጠኝ ሽማግሌ ልብስ አወልቃለሁ፣
ገላቸውን አጥባለሁ፣ መልሼ አለብሳለሁ።
ተራህን ጠብቅ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ብርጭቆ የምትለቅመው ልጅ ናት፣
እንደ ተሰነጠቀ ሳህን። ከዚያ ቤቱ ተከተላት።
ወደውኝ አይደለም፤ ዱላው ሌላ ሰው ላይ ስላረፈ ነው።
ይሁን። ለማኝ ሳንቲም አይመርጥም።

ከዚያ ስለ ባሌ።
«ባሌ ‹ትንሽ አየር ልውሰድ› ብሎ ወጣ...»
እዚህ ጋ ቆም እላለሁ።
ማንም አይስቅም። ልክ ናቸው፤ ቀልዱ ገና አልመጣ።
ግን ቆም እላለሁ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለሚስተር ኢነስ ነበር፣
ገንዳ ውስጥ፣ ሳሙናው ጀርባው ላይ።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤ የሱ ባዳነቱ ለይቶለት
ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ።
«ወጣ» ስል በድዱ ሳቀ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።
«ገና ነው» አልኩት።
«ለኔ እዚህ ጋ ነው» አለ። «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር የወጣሁት።»
ከዚያ፣ «ይኸን ጆሮዬን ድገሚው።»
ደገምኩት።
ሐሙስ ስገባ አልጋው ተነጥፏል፤
ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቷል።

ፈርገስ «ያ ዝምታ ቀልዱን ይገድለዋል፣ ቁረጪው» ይለኛል።
እሺ እላለሁ።
አልቆርጠውም።

«...ይኸው ስድስት ዓመቱ።
ስንት ሳንባ እንዳለው ያኔ አልነገረኝም።»
ሳቁ። ሽንት ቤት ፈላጊው ሳይቀር።
ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ሰዓቴ አልቋል፤
የመጨረሻው ቀልዴ አፌ ውስጥ ቀርቷል።

ክፍያው አሥር ፓውንድና አንድ ሳህን ሾርባ፣ የበረደ።
«ለሴት ጎበዝ ነሽ» አለ ፈርገስ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ።
አውቶቡስ ውስጥ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፦
ለሴት ጎበዝ።
አንድ ደቂቃ ይወጣዋል። ምናልባትም አንድ ተኩል።

ኢነስ አልጋ ላይ አሁን አንድ ጡረተኛ መርከበኛ አለ፣
ቀልድ የማይወድ፣ ማንንም ቀና ብሎ የማያይ።
ነገ ጠዋት የምሞክረው እሱ ላይ።