የቫርላም እናት ዳቦ

ሐሙስ ማታ ማታ ከሪዮኒ ድልድይ ሥር
ምድር ቤት ወርደን ነው ጨዋታው የሚጀመር።
አራት ነን። የጠረጴዛው አንዱ እግር አጭር ነው፤
ቤሲክ ነው ካርቶን አጥፎ የሚያስተካክለው።

ኺንካሊ ይመጣል፣ ሊጡ ተሸብሽቦ፣
ሆዱ መረቅ አዝሎ፣ ቋጠሮው ተስቦ።
ሹካ ያነሣ ሰው እዚህ ቤት አይከበርም፤
መረቁን ያፈሰሰ ለሳምንት አይማርም።
ቋጠሮው አይበላም፤ ከሳህን ይቀራል፤
ሒሳብ ሲመጣ ግን እሱ ይመሰክራል፦
ማን ስንት እንደ በላ፣ ማን እንደ ሰሰተ፣
ማን «በቃኝ» እያለ ሰባት እንደ ከተተ።

ክርክሩ ያው ነው። ጺያላ ትነሣለች፦
«ኻቻፑሪ እንደ ባቱሚ የት አለ?» ትላለች፤
«ጀልባ የመሰለው፣ እንቁላል የተኛበት፣
ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ማዕበል ያስነሣበት!
ባሕሩን እያየሁ፣ ጫፉን እየቆረስኩ
ባለፈው በጋ ላይ ሁለቱን ጨረስኩ።»
ቤሲክ በበኩሉ፦ «እሱ ምግብ ነው ታንኳ?
መቅዘፊያ ስጡኝ ብዬ አፌን ሳልከፍት እንኳ
ሆዴ ሰጠመብኝ። የኛው ክብ ይሻላል፤
አይቡ ከውስጥ ነው፤ ከላይ ማን ያያል?
ጨዋ ሰው ሀብቱን በሊጥ ይሸፍናል።»

ስለ አዲሱ ምግብ ቤት ሐሜት ይነሣል፤
ሳህኑ ሰፊ ነው፣ ምግቡ ጥግ ይዞ ያንሳል፤
«በጓንት ያቀርባሉ፣ በርሃብ ይሸኛሉ፣
ሒሳቡን ሲያመጡ ግን ጓንት ያወልቃሉ።»
እኔም ጣል አደርጋለሁ፦ ሊጥ ስለ ማሳደር፣
ስለ ቤቴ ምድጃ፣ ግራ ጎኑ ብቻ ስለሚያር፣
እርሾ እንደ አማች ነው፣ ካልታየ እንደሚያኮርፍ፣
ብዙ ካባበሉትም ድንበሩን እንደሚያልፍ።

ቫርላም ዝም ይላል። እስክንደክም ይጠብቃል።
ከዚያ ጢሙን ጠርጎ ወንበሩን ያርቃል፦
«የእናቴን ሎቢያኒ አልቀመሳችሁም፤
ሌላ ምን ብታወሩ እኔ አልሰማችሁም።
አደንጓሬው ልሞ፣ ሐር ሆኖ ለምላስ፣
ጭስ የጠገበ ሥጋ ስቡ ሊጡን ሲያርስ፤
እሑድ ጧት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ታቀርባለች፣
'ሌሊት ነው የተነሣሁ፣ ብሉልኝ' ትላለች።
እጇ ላይ ዱቄት አለ፣ ቅንድቧም ላይ አለ፤
እንደሷ የጋገረ እጅ ከዚያ ወዲህ የታለ?»

ዝም እንላለን። በእናት ማን ይከራከራል?
ሟች በተቀመጠችበት ማን ደፍሮ ይናገራል?
እኔ ግን ቋጠሮዬን በጣቴ አሽከረክራለሁ፤
አውቃለሁ።

አባቴ ሴቨሪያን ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣
ከሲኒማው ጀርባ፣ በቁልቁለቱ ሰፈር።
አሥር ዓመቴ። እሑድ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣
ሎቢያኒ ታቅፌ፣ በትኩሱ ደረቴ ሲቀልጥ፣
በጓሮ በር በኩል በጥፍሬ አንኳኳለሁ፤
የቫርላምን እናት በሌሊት ልብሷ አያለሁ።
ነጩን ጨርቅ ትዘረጋለች፤ ዳቦውን ታስተኛለች፤
ሒሳቡን ትቆጥርና አንድ ሳንቲም ትጨምራለች።
«ይቺ ለአፍሽ ናት» ትላለች።
አንድ ቀን በዓይኔ አየኋት፦ ከጣሳ ዱቄት ቆንጥራ
ቅንድቧን ነካ ነካ፣ ከመስታወት ተማክራ።

መዋሸቷም አይደል። ሌሊት ተነሥታለች፤
በስፌት መኪናዋ የሰው ኮት ስትሰፋ አድራለች።
እንቅልፍ ያጣው እጇ ዳቦውን ባይጋግርም
ገዛው፤ እሱም ድካም ነው። ሌላ ስም የለውም።

ያለፈው ሐሙስ ደግሞ እኔው ጋግሬ መጣሁ፤
አስተናጋጁን ለምኜ ከቦርሳዬ አወጣሁ።
የአባቴ ልክ ነበር፦ ጨው፣ ቅመም፣ አጣጣፍ፤
ግራ ጎኑ ብቻ አረር ብሏል ከጫፍ።
ጺያላ ሁለት ቆረሰች። ቤሲክ ክርክር ረሳ።
ቫርላም ዓይኑን ጨፈነ፤ አላመጠ፤ ጣቱን አነሣ፦
«ማክቫላ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ተቃርበሻል።
ለእናቴ ግን ትንሽ... ትንሽ ይቀርሻል።»
«ምኑ?» አልኩት።
«እንጃ» አለ። «እጇ።»

ያቺ የዝምታ ሳንቲም፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣
አፌ ውስጥ ተንኳኳች። ነከስኳት። «እውነት ነው» አልኩት፤ «ብላ።»

አስተናጋጁ መጣ፤ ቋጠሮ ቆጠረ፤
በኔ ሳህን አሥራ አንድ። ቤሲክ ፎከረ፦
«ዝምተኛ ሰው ይፈራል! ሲበላ አይታወቅ!»
ከፈልኩ።
ቫርላም የተረፈውን ቁራሽ ጠቀለለው በነጭ ጨርቅ።